ሁለተኛው ምት

አርባ ዓመት ነዳሁኝ የብርኖን ትራም፤
ከሐዲድ ፉጨት በቀር ጆሮዬ አያውቅም።
ጡረታ ስወጣ ፉጨቱ አብሮኝ ወጣ፤
«ዕረፍት» ያሉኝ እንግዳ
መንገዱ ጠፍቶት መሰል፣ እስካሁን አልመጣ።
ሌሊት ዐሥር ሰዓት ዐይኔን እገልጣለሁ፤
ከብርድ ልብሱ ሥር
የሌለውን ፍሬን በእግሬ እፈልጋለሁ።

የልጅ ልጄ ዮላና፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
ሊፍቱ ተበላሽቶ፣
አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታ ደጄ ላይ ስትደርስ፣
ፊቷ ቲማቲም መስሏል፤ ክንዷ ይንቀጠቀጣል፤
«ተቀበለኝ ቶሎ! ዐሥራ አራት ኪሎ ነው፤ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል!»
«ምንድን ነው?» «አምፕሊፋየር።» «ምን ያደርግልኛል?»
«ያገለገለ ነው፤ ቢሆንም
ካንተ በብዙ ይሻላል።»

ሽቦውን ገፈፈች በኩሽና ቢላ፤
አንዱን ስፒከር ከመስኮቱ ሥር፣ አንዱን ከቁምሳጥኑ ኋላ።
«ሸክላው የታለ?» አልኳት፤ «ካሴቱስ የት ገባ?»
ስልኬን ከፍ አድርጋ፣ «ከዚች ነው አባባ፤
ዥረት ነው፣ አይነጥፍም፤ ምንጩን አትጠይቀኝ፣ እኔም አላውቀውም፤
ለሚጠጣ እንጂ
ለሚመረምር ሰው ውኃ አይቀዳለትም።»

አረንጓዴ መብራት ቦግ አለች በግንባሩ።
እኔ ደግሞ አረንጓዴ ሲበራ
«ሂድ» ነው ትምህርቴ፤ ሄድኩኝ።
ቁልፉ ክብ ነው፣ ቀዝቃዛ፣
ማር ውስጥ እንደተተከለ ዝግ ብሎ የሚዞር፤
ሩብ ዙር ሳይሞላ

አንድ ቼሎ ገባ።
በበር አይደለም፤ ግን ገባ፤ ሩቅ መንገድ እንደመጣ ሰው
ከሶፋው ጫፍ ዐረፈ።
ክሩ አይደለም ያስደነቀኝ፤ ሰውዬው ሲተነፍስ ይሰማል፤
ስሙን አላነበብኩም፤ ሞቶም ይሆናል፤
ግን እዚህ፣ አሁን፣ በእኔ ሳሎን፣ አየር ይስባል።
ወንበሩ ይንቋቋል። ከአዳራሹ ጥግ አንዲት ሴት ትስላለች፤
አፏን በመሀረብ አፍና ነው፤ ያ እንኳ ይለያል፤
አፍራለች።

ዐይኔን ጨፈንኩ። ግድግዳው ወደ ኋላ ሸሸ።
ፒያኖው ከቀኝ መጣ፣ ቴሌቪዥኑ ከነበረበት አልፎ፣
ከውጭው ዛፍ አጠገብ ይመስላል፤
እና ቅጠል በሌለው ዛፍ ላይ
አንድ ሰው ተቀምጦ በጣቱ ያንጠባጥባል።

ጨመርኩት። ግማሽ ዙር።
ያን ጊዜ ነው የማሞቂያው ቧንቧ የጮኸው፦
ኳ! ኳ! ኳ!

ከታች ናቸው። ወይዘሮ ቭላስታ።
ሃያ ሁለት ዓመት ደረጃ ላይ ስንተላለፍ
ከ«ደኅና ዋሉ» ያለፈ ቃል ተበዳድረን አናውቅም።
ሕፃን ሐዲድ ላይ እንደዘለለ ያህል
ቁልፉን ወደ ግራ ጠመዘዝኩት፤
ቼሎው መሀል መንገድ ቀረ።

ጸጥታ።

ቀጥሎ፣
ኳ።
አንዴ ብቻ፤ ቀስ ብሎ፤ ጨው ልትበደር እንደመጣች ጎረቤት።

በነጠላ ጫማ ወረድኩ፣ ይቅርታዬን እያላመጥኩ፤
በራቸው ቀድሞ ተከፍቷል፤ የእንጨት ማንኪያ ይዘዋል።
«ጆሮዬ ከሄደ ሦስት ክረምት አለፈው» አሉኝ እየጮኹ፤
«ብርድ ነው፣ መዳፌን ቧንቧው ላይ አሞቃለሁ፤
ድንገት መንዘር ሲጀምር ሊፈነዳ መስሎኝ መታሁት።
ከዚያ ገባኝ። ወፍራሙ ክር ነው።
በቧንቧው ወርዶ እስከ ክርኔ መጣ።
ታዲያ አሁን ምን ሆነው ነው ያቆሙት?»

ዮላና ሰሞኑን፣ «ጎረቤት እንዳይረበሽ
የጆሮ ማዳመጫ ልግዛልህ?» ብላኝ ነበር። ሳቅሁባት።

ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን
አረንጓዴዋን አበራለሁ፤ ወዲያው ግን አልነዳም፤
ማንኪያዬን አንሥቼ ቧንቧውን አንዴ እመታለሁ፣
እንደ ትራም ደወል።
እጠብቃለሁ።
አንዳንዴ ይዘገያሉ፤ ወንበር እየሳቡ ይመስለኛል።
ኳ።
ተሳፋሪዬ ገብተዋል።